ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት

«ጋሼ፣ 2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝተው ሰጡኝ፤ የካሜራውን ቀረጻ ሁሉ ወደዚህ አውጣ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለህ ስትደውል እሁድ ቤት ና፣ ቡና እየጠጣን እናወራለን አልኩህ። እሁድ ተረኛ ሆንክና ቀረህ። የዚህ ነገር ምክር በስልክ አያልቅም፤ ካርድህ ይቀድማል። ስለዚህ ጻፍኩት። ካሜራ ስገጥም፣ ስፈታና ስጠግን ጸጉሬ ሸብቷል። ከሰማሁት ይልቅ ካጠፋሁት የተማርኩት ይበልጣልና እሱንም ሳልደብቅ እነግርሃለሁ።

ከሁሉ በፊት የካሜራዎቹን ቀረጻ የሚያስቀምጠው ማሽን፣ ዲቪአሩ፣ እንደሚረሳ እወቅ። ባለንብረቶች ካሜራ ካስገጠሙ በኋላ ያለፈው ቀን ሁሉ አንድ ቦታ ተቆልፎ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዲስኩ ሲሞላ ማሽኑ ከሁሉ የቆየውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ የዛሬውን ይጽፋል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ያንተ ማሽን ስንት ቀን እንደሚያስታውስ በእርሳስና በወረቀት ልትደርስበት ትችላለህ። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት እንዲቀርጽ ተስተካክሎ ከሆነ ለ8 አካፍለው፤ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ይመጣል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንዱ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይበላል። የነገርከኝ 16 ካሜራ ነው፤ ድምሩ በቀን ከ345 ጊጋባይት ያልፋል። ዲቪአሩ ውስጥ ያለው ዲስክ 4 ቴራ ከሆነ ሕንፃችሁ የሚያስታውሰው 11 ቀን ተኩል ያህል ብቻ ነው። ካሜራዎቹ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጹ ከተደረገ፣ ወይም ኤች 265 በሚባለው አጨማመቅ ከሠሩ ቀኑ ይረዝማል፤ ጥራቱ ከፍ ከተደረገ ያጥራል። ስሌቱ ካልተመቸህ ማሽኑ ላይ ፕሌይባክ ወደሚለው ግባና የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀረጻ እንዳለ ምልክት የተደረገበትን የመጀመሪያ ቀን እይ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ከስክሪኑ ጎን ለጥፈው፤ አለቆችህም ያንብቡት።

ያው ስሌት ሌላም ነገር ይነግርሃል። የተሰጠህ 2 ቴራ የ16ቱን ካሜራ ቀረጻ ስድስት ቀን እንኳ አይሸከምም። «ሁሉን አውጣ» ያለህ ሰው ይህን አላሰላውም። በትሕትና ንገረው፤ ወረቀቱን አሳየው። ረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ከተፈለገ ዲቪአሩ ውስጥ ትልቅ ዲስክ ይጨመራል፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ እንደ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ ያለ። ኤክስተርናሉ ግን ለተመረጠ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ሲደርስ የዚያን ሰዓትና የዚያን ቦታ ቀረጻ አውጥተህ የምታኖርበት።

አንድ ነጋዴ ነበሩ። መጋዘናቸው ተሰብሮ ዕቃ ሲወጣ እሳቸው አገር ቤት ለቅሶ ላይ ነበሩ። ልጆቻቸው ነገሩን አይተው «አባባ ሲመጡ ይወስናሉ» ብለው ማንም ማሽኑን ሳይነካ ጠበቁ፤ በአክብሮት ነው እንግዲህ። እሳቸው በ13ኛው ቀን ተመልሰው እኔን አስጠሩኝ። ማሽኑ የሚይዘው 9 ቀን ነበር። ካሜራዎቹ ውድ ነበሩ፣ ሥዕላቸውም መስተዋት የመሰለ፤ የቀረው ግን ከስርቆቱ በኋላ የተቀረጸ ባዶ መጋዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገር በደረሰበት ቀን፣ ሌላው ሰው ሲሟገትና ሲጯጯህ፣ አንተ ቀረጻውን አውጣ። በዚያው ሰዓት ማውጣት ካልቻልክ ብዙዎቹ ማሽኖች የቀረጻ መቆለፊያ አላቸው፤ ፕሌይባክ ላይ የዚያን ሰዓት ፋይል ሎክ ካደረግከው በላዩ አይጻፍበትም። ነገሩ የከበደ፣ ደም የፈሰሰበት ወይም ብዙ ገንዘብ የጠፋበት ከሆነ ደግሞ ሁነኛው መላ ማሽኑን በወጉ አጥፍቶ ዲስኩን እንዳለ ማውጣትና ሌላ መግጠም ነው። ይህን ግን ኃላፊህ ሳያዝና ሳይፈርም አታድርገው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ድርጅት ግቢ ንብረት ጠፋ። የማታው ጥበቃ ሲጠየቅ «ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መኪና ገብቶ ወጥቷል፤ ክፈት ብሎ ያዘዘኝ ሰው አለ፤ ካሜራው ይመስክርልኝ» አለ። ሰኞ ተጠርቼ ሄድኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ሌላ ቦታም ቀጠሮ ነበረኝ፤ እየተጣደፍኩ ሐሙስን መረጥኩና 09:00 ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ያህል በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። ረቡዕ ደወሉ፤ «ጸሐፊያችን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሥራ ስትገባ ነው የሚታየው» አሉኝ። ለካ ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ የእሱ 09:00 የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አፍሬ ተመለስኩና የሐሙስን 03:00 ከፈትኩ። ባዶ ግቢ፣ አንድ የተኛ ውሻ። «ምንም የለም» ብዬ ያንኑ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ማታ እራት ስበላ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጥበቃው «ሐሙስ ሌሊት» ሲል ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ እኛ ሁላችን የምንናገረው እንደዚያ ነው። ፀሐይ ጠልቃ እስክትወጣ ያለው ሌሊት ለእኛ የሐሙስ ነው። ማሽኑ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይገለብጣል። እኔ የከፈትኩት የረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያን ሌሊት ነበር። ዓርብ ማለዳ በመጀመሪያው ታክሲ በረርኩ። ማሽኑ የሚይዘው 7 ቀን ነበርና ያ ሰዓት በጥቂት ሰዓት ቀድሞኝ ተደምስሷል። ጥበቃው ከሥራ ተሰናበተ። እውነቱን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ያ ዲስክ ነበር።

ስለዚህ ሰዓት ሲነገርህ ወዲያው ወደ ማሽኑ ቋንቋ መልሰህ ጻፈውና ለተናጋሪው አንብብለት። የቀኑ ሰዓት ላይ 6 ደምር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 14:00 ነው። የምሽቱ ላይ 18 ደምር፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ ደግሞ 6 ቀንስና ቀኑን ወደሚቀጥለው አሳልፈው፤ ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ዓርብ 03:00 ማለት ነው። ዕለቱን ስትጠይቅ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብለህ ጠይቅ፤ ይህ የአባቶቻችን አነጋገር ከማንኛውም ማሽን ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ወርና ቀኑንም በጭንቅላትህ አትመንዝር። መስከረም 1 ቀን 2016 በማሽኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። በጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ምክንያት አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ የስልክህ መቀየሪያ ላይ እየው። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል፤ 03/04 የትኛው እንደሆነ አስቀድመህ ለይ።

የማሽኑ ሰዓት ራሱ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችልም አትርሳ። ውስጡ እንደ ሳንቲም ያለች ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ አለች። እሷ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። በፈረንጅ አቆጣጠር 2000 ላይ ሆኖ የዛሬን ሌባ የሚቀርጽ ማሽን አይቻለሁ። ቀረጻ ከማውጣትህ በፊት ስልክህን ከስክሪኑ አጠገብ ይዘህ ሁለቱም ሰዓት አብሮ የሚታይበት ፎቶ አስነሳ። ማሽኑ 7 ደቂቃ ቢቀድም ያ ፎቶ ያስረዳልሃል። ሰዓቱን ማስተካከል የሚገባህ ግን ቀረጻውን ካወጣህ በኋላ ነው። ቀድመህ ከነካካኸው ነገሩን ታወሳስባለህ።

ስለ ኤክስተርናሉ ብዙ አላወራም፤ ዕቃ ነው። ሆኖም ገበያው ውስጥ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ብቻ የሆነ ሃርድ ዲስክ አለ። በኮምፒውተር ሲታይ 2 ቴራ ይላል፤ ውስጡ ግን ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፎበት ሲሞላ ያለፈውን ይበላል። የተሰጠህን ከመጠቀምህ በፊት አንድ ጊዜ በፋይል እስከ ጫፉ ሙላውና መልሰህ ክፈት፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን አንድ ጊዜ ነው። 2 ቴራው ዊንዶውስ ላይ 1.8 ገደማ ቢልህ ግን አልተታለልክም፤ ያ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ቀጥሎ ዲቪአሩ ሊያነበው ይገባል። ብዙዎቹ ፋት 32 ይፈልጋሉ፤ አዳዲሶቹ ኤክስፋትን ወይም ኤንቲኤፍኤስንም ይቀበላሉ። ፋት 32 አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አያስተናግድም፤ ረጅም ቀረጻ በቁርጥራጭ ሆኖ ሲወጣልህ አትደንግጥ። ፎርማት የምታደርገው ግን ባዶ መሆኑን በዓይንህ ካየህ በኋላ ነው።

ሲሰካ ደግሞ ማዳመጥ አለብህ። በራሱ መብራት የማይሠራው ትንሹ ሃርድ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው ከተሰካበት ቀዳዳ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900፤ የፊት ለፊቱ የማውስ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ደካማው ነው። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ሊነሣ ካልቻለ አታስጨንቀው፤ ንቀለው። የኋላውን ቀዳዳ ሞክር፣ ካልሆነም የራሱ የመብራት ገመድ ያለውን ዲስክ ወይም ማከፋፈያ ተጠቀም። ወይም ቀረጻውን በኔትወርክ ወደ ኮምፒውተር አውርደህ ከዚያ ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጠው። እኔ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ቢዘገይም ገልብጠህ ሳትጨርስ ዓይተህ ታረጋግጣለህ።

ማውጣቱ ራሱ ቀላል ነው። ማሽኑ ላይ ባክአፕ ወይም ኤክስፖርት የሚል ቦታ ትገባለህ፤ ካሜራውን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ትመርጣለህ፤ ዲስኩን ታሳየዋለህ። ለአንድ ካሜራ አንድ ሰዓት ባልነው ስሌት 900 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አያስመርርም። የ16ቱን የሙሉ ቀን ካልክ ግን በዩኤስቢ 2 ከሦስት ሰዓት በላይ ቁጭ ማለትህ ነው። ነገሩ ከደረሰበት ሰዓት በፊትና በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጨምር። ሌባው ሲገባ ብቻ ሳይሆን ከበሩ ማዶ ቆሞ ሲያማትር፣ ማን ሲጠቁመው እንደነበር የሚታየው በዚያ ትርፍ ሰዓት ውስጥ ነው። በአቅራቢያው ያሉትን ካሜራዎችም አትተው፤ የመጋዘኑ ካሜራ ፊቱን ባያሳይ የደረጃው ያሳያል።

በዚህ መሀል መብራት ቢጠፋስ? የእኛን አገር መብራት ታውቀዋለህ። ዲቪአሩም ኤክስተርናሉም ኮምፒውተሩም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ዩፒኤስ ከሌለ ረጅሙን ቀረጻ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰዓት እየከፈልክ አውጣ፤ ቢቋረጥ አንዱ ቁራጭ ይበላሻል እንጂ ሁሉም አይጠፋም። ሲያልቅም ገመዱን ዝም ብለህ አትንቀል፤ በወጉ አሰናብተው። በሥራ ላይ ያለ ሃርድ ዲስክ ውስጡ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከጠረጴዛ ላይ ጎትተህ ብትጥለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታጣለህ።

ማሽኑ «ተጠናቋል» ሲልህ አንተ አላጠናቀቅክም። ኤክስተርናሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስደህ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ጥቂት ጥቂት ተመልከት። እኔ ይህን ሰኞ ዕለት አምስት ደቂቃ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ያ ጥበቃ ማስረጃውን አያጣም ነበር። ፋይሉ አልከፈት ካለህም ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው። የዳሁዋ ማሽን ዳቭ በሚል ዓይነት ያወጣል፤ በስማርት ፕሌየር ይከፈታል። የሂክቪዥኑ በቪኤስ ፕሌየር ይታያል። ሲወጣ ማጫወቻው አብሮ እንዲገለበጥ የሚጠይቅ ምርጫ ካለ አዎ በል፤ ነገ በሚያየው ሰው ኮምፒውተር ላይ ማጫወቻው ላይኖር ይችላል። ለማየት እንዲመች ወደ ሌላ ዓይነት ብትቀይረው እንኳ የወጣበትን ዋናውን ፋይል እንዳለ አኑር። ስክሪኑን በስልክ ቀርጾ «ይኸው ማስረጃ» የሚል ሰው ደግሞ በየቢሮው ሞልቷል፤ አንተ እንደዚያ እንዳታደርግ። የሚንቀጠቀጥ፣ ሰዓቱ የማይነበብ፣ ማን መቼ እንደቀረጸው የማይታወቅ ነገር ተከራካሪ ሁሉ ያጣጥለዋል።

አንድ ቀን የዲቪአሩን የራሱን ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ቢያምርህ፣ ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» ብሎ ይጠይቅሃል። እምቢ በል! ዲስኩ ደህና ነው፤ ማሽኑ በራሱ ፊደል ስለጻፈበት ዊንዶውስ ማንበብ አልቻለም እንጂ። «እሺ» የሚለውን የተጫነ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የቢሮ ሻይ የሚከፍለው እሱ ሆነ።

ኤክስተርናሉን የት ታኖረዋለህ? ከዲቪአሩ አጠገብ በመሳቢያ ውስጥ አታኑረው። ካሜራ ያየ ሌባ መጀመሪያ የሚፈልገው ዲቪአሩን ነው፤ አጠገቡ ያገኘውን ሳጥንም ይዞ ይሄዳል። ሌላ ፎቅ፣ ሌላ ቁልፍ፣ ከተቻለ ሌላ ሕንፃ። ለከባድ ጉዳይ ሁለት ቅጂ ይኑርህ። ሽፋኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ምን እንደያዘ፣ የትኛው ካሜራ እንደሆነ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማን እንዳወጣው ጻፍ። በየስድስት ወሩም ሰክተህ መሥራቱን እይ።

ልጄ፣ ቀጣዩን ረጋ ብለህ አንብብልኝ። ካሜራው የሚቀርጸው ሌባን ብቻ አይደለም። ካሸር ልጅቷ ስታለቅስ፣ ባልና ሚስት ደረጃ ላይ ሲጣሉ፣ አለቃህ ከማን ጋር እንደወጣ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በዲቪአሩ ውስጥ ሳለ ከአሥር ምናምን ቀን በኋላ ይረሳ ነበር። አንተ ካወጣኸው በኋላ ግን የማይረሳ ሆነ፤ ጠባቂውም አንተ ሆንክ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? «እስኪ ያቺን ልጅ የሚያሳየውን በቴሌግራም ላክልኝ» የሚልህ ሰው ይመጣል፤ ጓደኛህ ሊሆን ይችላል፣ የአለቃህ ጓደኛም ሊሆን ይችላል። አትላክ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ነገሩን በዝርዝር ሕግ አድርጎታል። ሕጉ ባይኖርም ያው ነበር። ፖሊስ ሲጠይቅ በደብዳቤ ይጠይቅ፤ ቅጂውን ስጥ፣ ዋናውን አስቀር፣ የተረከበውን ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ በመዝገብ ያዝ። ጉዳዩ ሲዘጋም ኃላፊህን አስፈርመህ ደምስሰው። የሰውን ሕይወት በመሳቢያ እያጠራቀሙ መኖር ጥሩ አይደለም።

የዲቪአሩ የይለፍ ቃል ዛሬም 12345 ከሆነ፣ እንደምጠረጥረው፣ ቀይረው። ጽፈህ በታሸገ ፖስታ ለኃላፊህ ስጥ፤ አንተ ታመህ ብትቀር ቀረጻው እንዳይታሰር።

ነገ ሥራ ስትገባ ኤክስተርናሉን ገና አትንካው። መጀመሪያ የዲቪአሩን ሰዓት ከስልክህ ሰዓት ጋር አስተያይ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ቀረጻ የስንት ቀን እንደሆነ እይ። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘህ ማታ ደውልልኝ።